ለገብርኤል ሐዋሳ ልንሄድ ነው፤ ካሜራዬን ልያዘው ወይስ ልተወው?

ባለ ካኖኑ (አዳማ)

ሰላም ናችሁ? እናቴ የታኅሣሥ ገብርኤልን ሐዋሳ ማክበር ትፈልጋለች፤ ስለት አለባት። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቴ ሆነን በ17 በመኪና ከአዳማ ተነስተን አራት ቀን እንቆያለን። ችግሩ እኔ ነኝ። አምና ያገለገለ ካኖን ከ70-300 ሌንስ ጋር ገዝቼ ወፍ ማንሳት ጀምሬያለሁ። ባለፈው ባቱ ላይ ለምሳ ቆመን፣ ሐይቁ ዳር ሻላ የሚባለውን ወፍ ሳነሳ አንድ ሰዓት ተኩል አስጠበቅኳቸው። አሁን ባለቤቴ "ወይ ወፍህን ወይ እኛን" ብላለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የምሯን ነው። ሐዋሳን የምታውቁ፣ ወፉንም ሽርሽሩንም አንድ ላይ ማስኬድ ይቻላል? 300 ይበቃል? ልጆቹ ደግሞ ጉማሬ ካላየን ብለዋል።

ባለ ባጃጅ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አልጋ ያዝ። ለ19 ሰው ከየአገሩ ነው የሚመጣው፤ ሆቴሉ ይሞላል፣ ዋጋውም ይወጣል። በዋዜማውና በዕለቱ ገብርኤል አካባቢ በመኪና እገባለሁ አትበል። በእግር ይሻላል። ይህን የምልህ ሥራዬን እያወቅኩ ነው።

ታቦር ሥር

ልጄ፣ ባለቤትህ እውነቷን ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ሐዋሳ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ፣ ካሜራ ከያዝኩም ቆየሁ። አንተ ያልከውን ጥፋት ሁሉ አጥፍቻለሁ። አንድ ጊዜ እንግዶቼን በሙሉ ንጋት ላይ ቀስቅሼ፣ ሐይቅ ዳር በብርድ አቁሜ ወፍ ሳሳድድ አርፍጄ፣ እስከ ዛሬ ይተርቡኛል።

ለሐዋሳ የሚያስፈልግህ እውቀት አንድ ነው። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ናት። ጠዋት ሐይቅ ዳር ስትቆም ፀሐይዋ ከጀርባህ ሆና ወፎቹን ፊት ለፊት ታበራልሃለች። ከሰዓት በኋላ ግን አንተኑ ዓይንህን ነው የምትመታህ፤ የምታነሳው ሁሉ ጥላ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከወፍ ጋር መታገሉ ዋጋ የለውም። ያን ጊዜ ቤተሰብህን ይዘህ ታቦር ተራራ ውጣ፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በእግር ተንሸራሸሩ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ሐይቁ ላይ ነው የምትጠልቀው፤ ጀልባና የሰው ጥላ ያኔ ያምራል። ለዚያ ደግሞ ስልክህም ይበቃል።

ያንተ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ተኩል እስከ 2 ተኩል ነው። ማንንም ሳትቀሰቅስ ውጣ። 2 ተኩል ላይ ግን ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ተገኝ። "አንዲት ፎቶ ብቻ" እያልክ 3 ሰዓት ከሆነብህ ነገ አይፈቀድልህም።

ደንገል ያለበትን ዳርቻ ምረጥ። ጥቁርና ነጭ የሆነችው ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ክንፏን ታርገበግብና ድንገት ውሃ ውስጥ ትወረወራለች። ሸተር ስፒድህን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/2000 ሰከንድ አድርገው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በ1/500 ሁለት መቶ ፎቶ አንስቼ ሁለት መቶ የውሃ ፍንጥቅጣቂ ይዤ ገብቻለሁ። ዓሣ በል ንስሩን ስታገኝ ደግሞ ብርሃኑን ትንሽ ቀንስ፤ ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሌላው ገላው ጠቆር ያለ ስለሆነ ካሜራው ጠቆር ያለውን ላብራ ሲል ነጩን ላባ ከልክ በላይ ያነጣብሃል፤ ላባው አንዴ ከነጣ በኮምፒውተርም አይመለስም። ውሃ ላይ በተኛው ቅጠል የምትራመድ፣ ጣቶቿ ከቁመቷ የማይመጣጠኑ ወፍም አለች፤ ጃካና ይሏታል። እንቁላሉን የሚታቀፈውም፣ ጫጩቶቹን የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። ይህን ለባለቤትህ አትንገራት።

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ከሁሉም ጋር ሂድ። እዚያ ወፍና ሽርሽር አይለያዩም። ዓሣ አጥማጆቹ ይራገፋሉ፣ ዓሣው ይገፈፋል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች ካፖርት እንደ ደረቡ የእድር ሽማግሌዎች ዙሪያውን ቆመው ሆድ ዕቃው እስኪወረወር ይጠብቃሉ። እዚያ 300 ይበዛብሃል እንጂ አያንስህም፤ ባጠገብህ ነው የሚያልፉት። ለጥቃቅኖቹ ወፎች ግን ያጥርሃል፤ ሲያጥርህ ተወው። ለልጆቹ የአባ ኮዳን እግር አሳያቸው። የነጣው በገዛ ኩሱ ስለሚቀባው ነው፤ ሙቀት ሲበረታ እግሩን የሚያበርደው እንደዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲስቁ ይውላሉ። ዓሣ በእጃቸው ይዘው እንዳይጠጉት ብቻ፤ መንቁሩ ቀላል አይደለም። ዓሣ አጥማጆቹን ከማንሳትህ በፊትም አስፈቅድ፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ መነሳት አይወድም።

ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ። ጦጣዎቹ ከልጅ እጅ ሙዝ ይነጥቃሉ፤ አታብሏቸው። ሰዓቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ እናትህ ዓሣ ይበሉ እንደሆነ ከምሳ በፊት ጠይቅ። የሚበላም የማይበላም አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ከሚጠየቅ ቀድሞ ይለቅ።

ጉማሬውን በጀልባ፣ በጠዋት። ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ይወስዷችኋል። አንድ ጊዜ አንድ ባለ ጀልባ "ከሰዓትም ይታያል" ብሎ ወሰደን። ነፋሱ ተነሳ፣ ማዕበሉ መጣ፣ ጉማሬ የለም፣ ሌንሴ ውሃ ገባው። ዋጋውን ሳትሳፈር ተነጋገር፣ የልጆቹን የመንሳፈፊያ ጃኬት በዓይንህ እይ፣ "ጠጋ በል" ብለህም ባለ ጀልባውን አትገፋፋ። ጉማሬ ሲቆጣ ጀልባ ይገለብጣል።

በ19 ካሜራውን ሆቴል ተወው። በዚያ ሕዝብ መሐል ወይ ይሰረቃል፣ ወይ ታቦት ሲወጣ አንተ ሌንስ ስትቀይር እናትህ ያዩሃል።

የወንዶዋ

ጋሼ ሁሉንም ጨረሱት፤ እኔ አንድ ቀን ልጨምር። በ20 ወንዶ ገነት ሂዱ። ከሐዋሳ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ማዘር ፍልውሃው ውስጥ ጉልበታቸውን ይንከሩ፣ ልጆቹም ይንቦጫረቁ። አንተ አካባቢውን የሚያውቅ ልጅ ይዘህ በጠዋት ጫካው ውስጥ ግባ። ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀን አለ፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ጉንጯ ነጭ የሆነችው፣ ቱራኮ የሚሏት ወፍ ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ ስታያት አረንጓዴ ናት፤ ስትበር ክንፏ ደም ይመስላል። መጀመሪያ ሳያት ካሜራውን ረስቼ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። ጫካው ጨለማ ስለሆነ አይኤስኦህን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 ወይም 3200 ድረስ ውሰደው፤ ፎቶው ቢሻክርም ከሚደበዝዝ ይሻላል።

ባለ ባጃጅ

በቀቀን ካልክ ከተማ ውስጥም ትናንሾቹ አሉ፤ አረንጓዴ፣ የወንዱ ግንባር ቀይ። የሾላ ዛፍ ያለበት ሆቴል ካገኘህ ቁርስ እየበላህ ታነሳለህ። እኔ ካሜራ የለኝም፣ ደንበኛ ስጠብቅ ነው የማያቸው።

ባለ ካኖኑ (አዳማ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አልጋ ትናንት ያዝኩ፤ ሾላ ይኑረው አይኑረው ስጠይቃቸው ስልኩን የያዘችው ልጅ ሳቀችብኝ። ባለቤቴ የጻፋችሁትን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እስከ 2 ተኩል ተፈቅዶልኛል። ወንዶ ገነትንም ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የወደደችው። የጃካናውን ነገር ግን ደርሳበታለች፤ በ18 ጠዋት ልጆቹን አጥቤ፣ አልብሼ፣ ቁርስ የማበላው እኔ ነኝ ተብያለሁ።