ኮቫለንታዊ ቦንድ ጠንካራ ከሆነ፣ ስኳር ስለ ምን ከጨው ቀድሞ ይቀልጣል?

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን ልጄን ኬሚስትሪ ሳስጠና አንድ ነገር ላይ ተቸገርን። በብረት ድስት ያሞቅነው ስኳር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀልጦ ቡናማ ሆነ፤ ጨው ግን በዚያው እሳት ላይ ከመንጣጣት በቀር ምንም አልሆነም። ደብተሯ ላይ ኮቫለንታዊ ቦንድ (አተሞች ኤሌክትሮን በመጋራት የሚያያዙበት ትስስር) ጠንካራ እንደሆነ ተጽፏል፤ የስኳር አተሞች የተያያዙትም በዚሁ ቦንድ ነው። ታዲያ ስለ ምን በቀላሉ ቀለጠ?

የኬሚስትሪ መምህርት፣ ጎንደር፦
ወንድሜ፣ ደብተሩ አልተሳሳተም። መጠየቅ ያለበት እሳቱ የትኛውን ትስስር እንደፈታ ነው። ስኳር እንዲቀልጥ በሞለኪውሉ ውስጥ ያሉት ኮቫለንታዊ ቦንዶች መበጠስ አያስፈልጋቸውም፤ የሚላላው አንዱን ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር የሚያያይዘው፣ ከእነርሱ በእጅጉ የሚደክመው የሃይድሮጅን ቦንድ ስለሆነ 186 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይበቃዋል። በጨው ውስጥ ግን ለብቻው የሚቆም ሞለኪውል የለም፤ እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን (ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አተም) በ6 የክሎራይድ አዮኖች (ኔጋቲቭ ሙል ባላቸው)፣ እያንዳንዱ የክሎራይድ አዮንም በ6 የሶዲየም አዮኖች ተከቦ ከዳር እስከ ዳር ስለተሳሰረ፣ ለማቅለጥ ይህ ብርቱ መሳሳብ ራሱ መሸነፍ አለበት። ይህም 801 ዲግሪ ይጠይቃል፤ የቤት ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት እዚያ አይደርስም። የሰማችሁት መንጣጣት በጨው ፍሬ ውስጥ ታምቆ የቆየ ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሲፈነዳ ነው።

ሌላ ተሳታፊ፦
የመምህርቷ መልስ ትክክል ነው፤ ሆኖም ስኳሩ ቡናማ የሆነው በመቅለጥ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ደረጃ ኮቫለንታዊ ቦንዶቹም መበጠስ ጀምረዋል፤ ለዚህም ነው ቢቀዘቅዝ ወደ ነጭ ስኳርነት የማይመለሰው። ለልጅዎ ደግሞ ይህን ያስተያዩላት፦ የእንጀራን ዓይን የሚከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የአሸዋው ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ ሁለቱም ኮቫለንታዊ ናቸው። የመጀመሪያው ትንንሽ ሞለኪውሎች ስለሆነ ጋዝ ነው፤ ሁለተኛው ግን አንድ ወጥ መረብ በመሆኑ 1,700 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ ደግሞ «ጨው ይህን ያህል ከጠነከረ ስንመታው ስለ ምን ይሰነጠቃል?» አለችኝ።

የኬሚስትሪ መምህርት፣ ጎንደር፦
ጎበዝ ልጅ ናት። ምቱ አንዱን የአዮን ንብብር በአንድ ቦታ ያህል ሲያንሸራትተው ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩ ከኔጋቲቭ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ እስከዚያ ይሳሳቡ የነበሩት ይገፋፉና ፍሬው በዚያው ንብብር ቀጥ ብሎ ይከፈላል።