ጥቆማ፦ የምኒልክና የማርትሬዛ ብር ደረጃ የት ላስወጣ? (ሜሪላንድ)

የሳጥን ልጅ
ሰላም ወገኖቼ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከሳጥኗ ሥር ሰባት ጠገራ ብር ትታለች። አምስቱ ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት)፣ ሁለቱ የምኒልክ፤ የምኒልኮቹ ላይ ፲፰፻፹፱ ይላል። አንዱ ማርትሬዛ ላይ የአንገት ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። ከአሜሪካ የሳንቲም ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ፒሲጂኤስ ይሻላል ወይስ ኤንጂሲ? በቅርብ የሚታመን ሱቅ የምታውቁስ? ደግሞ ደረጃ የሚሰጡት ምን ምኑን አይተው ነው?

ጎንደሬው
ኤንጂሲ። አለቀ።

የሳጥን ልጅ
ለምን?

ጎንደሬው
አሽገው የሚመልሱበት ነጩ መደብ ላይ ብር ሲቀመጥ ያምራላ። እኔ አሥር ዓመት ሌላ አላየሁም።

ኪዳኔ
እህቴ፣ እኔን ያየሽ ተቀጪ። የአባቴን የምኒልክ ብር አንድ ሳንቲም ሱቅ ወሰድኩ፤ ስሙን አልጠራም። ሰውዬው «ጠቁሯል፣ ላጽዳልህ» ብሎ በፈሳሽና በጨርቅ ሲያሸው ሲያሸው እንደ አዲስ ሰሃን አብለጨለጨው። ደስ ብሎኝ ጉርሻ ሁሉ ሰጠሁት! ለደረጃ ላክሁት። ሲመለስ ቁጥር የለው ምን የለው፣ «ኤክስኤፍ ዲቴይልስ፣ ክሊንድ»። ታጥቧል ማለት ነው። መታጠብ ነውር የሆነበት ጉድ!

ሚዛን ብቻ
ምን ደረጃ ደረጃ ትላላችሁ? ማርትሬዛ 28 ግራም ነው፤ ከሺህ 833ቱ ብር። ንጹሑ 23 ግራም ከምናምን ይወጣዋል። በዕለቱ ዋጋ አባዝተሽ ሽጪና ተገላገዪ።

የሳጥን ልጅ
ልሸጥ አላልኩም እኮ።

ቀልደኛው
ኪዳኔ፣ ሰውዬው የጥርስ ሳሙና አልጨመረልህም?

ኪዳኔ
ያንተ ሲታጠብ እንስቃለን።

የፒያሳ ልጅ
አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለሽ ፒያሳ አንድ አንጥረኛ አሉ። ጋሼ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው በድምፁ ብቻ ይነግሩሻል። ማሽን አያሻቸውም። እኛ ቤት ሦስት ትውልድ የሳቸው ደንበኛ ነው።

ቀልደኛው
ድምፁ ብር መሆኑን ይናገራል። ደረጃውን ደግሞ በዜማ ይነግርሃል?

የፒያሳ ልጅ
ጋሼን አትንካብኝ።

ሰብሳቢው
ኧረ ልጅቷ የጠየቀችውን እንመልስላት። እህቴ፣ መለኪያው ከ1 እስከ 70 ነው። ዊልያም ሼልደን በፈረንጆች 1949 ለአሜሪካ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነበር፤ አሁን ለሁሉም ይሠራል። ከ60 ጀምሮ ያለው ገበያ ያልነካው፣ 58 ለጥቂት ያመለጠው፣ 40 እና 45 ትንሽ የተሠራበት፣ እያለ ይወርዳል።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ከአንድ በላይ ባለሙያ ለየብቻ ያየዋል። አንድ መብራት ሥር ይዘው ያጋድሉታል። ብሩ ሲሠራ በማተሚያው ሲመታ ብረቱ ወደ ጠርዝ ስለሚፈስ ለዓይን የማይታይ ደቃቅ መስመር ይተዋል፤ ያልተነካ ብር ላይ ብርሃኑ በዚያ መስመር ምክንያት እንደ ጋሪ ጎማ ይሽከረከራል። የታሸ ብር ያብለጨልጫል እንጂ ብርሃኑ አይዞርም። ጨርቁ የተወው ፀጉር የመሰለ ጭረትም መብራቱ ሲጋደል ብቅ ይላል። ኪዳኔ የተያዘው በዚህ ነው።

ከዚያ ጎላ ጎላ ያለውን ቦታ ያያሉ፤ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው። ማርትሬዛ ላይ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር፣ ምኒልክ ላይ ጉንጩና ዘውዱ፣ በጀርባ የአንበሳው ጋማ። አንዳንዱ ሲመታም በደንብ ሳይመታ ቀርቶ ያለቀ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ቦታው ላይ ያ የሚዞር ብርሃን አለ ወይ ብለው ይለዩታል። ሰፊው ሜዳ ላይ ያለ ግጭት ከፀጉሩ መሃል ካለው ይልቅ ይጎዳል፣ ዓይን ቶሎ ይይዘዋላ። በመጨረሻ የዓይን ውበት አለ፤ እዚህ ላይ ባለሙያም ከባለሙያ ይለያያል።

ማንጠልጠያ የተበየደበት ቁጥር አይሰጠውም፣ ዲቴይልስ ነው። የኛ አገር ማርትሬዛ ግማሹ ተበስቶ አንገት ላይ የዋለ ስለሆነ አትደነቂ።

ሌሎቹን ማርትሬዛዎችም አልልክም። ሁሉም 1780 ይላል፤ ግን ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ቪየና፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሲመታ ኖሯል፤ ጣሊያንም ከፈረንጆች 1935 ጀምሮ ሮም ላይ መትቷል። ለተለመደው ዓይነት የደረጃው ክፍያ ከብሩ ሊበልጥ ይችላል። ሁለቱን የምኒልክ፣ ፓሪስ የተመቱትን፣ ግን ላኪ። ጥቁረታቸውን እንዳትነኪ! ጠርዛቸውን ይዘሽ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ነፃ በሆነ ማቀፊያ አስቀምጪ።

ጎንደሬው
ለኤንጂሲ።

ሰብሳቢው
ወንድሜ፣ ፒሲጂኤስ በፈረንጆች 1986፣ ኤንጂሲ በ1987 ሥራ ጀመሩ፤ ሁለቱም ይታመናሉ። ወይ አባል ትሆኛለሽ ወይ በወኪል ነጋዴ ትልኪያለሽ። ባልቲሞር የሳንቲም ትርኢት ሲኖር ይዘሽ ብትሄጂ ከፖስታ ሥጋትም ትድኛለሽ።

ኪዳኔ
ኤንጂሲ ራሱ የሚያጸዳ እኅት ድርጅት አለው አይደል? እነሱ ሲያጥቡት ጽድቅ፣ የኔ ሰውዬ ሲያጥበው ኃጢአት?

ሰብሳቢው
ኤንሲኤስን ነው የምትለው። እነሱ ላዩ ላይ የተጣበቀውን ባዕድ ነገር ያነሳሉ፣ ብረቱን አያሹም። የጠፋውን መስመር ግን እነሱም አይመልሱልህም።

ኪዳኔ
ጉርሻዬንስ?

ሚዛን ብቻ
ከኢትዮጵያ ልታስመጪ ያሰብሽው ካለ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንደማይወጣ እወቂ። ኤርፖርት ላይ እንዳታለቅሺ።

የሳጥን ልጅ
እዚሁ ነው ያለው፣ እናቴ ድሮ ይዛው መጥታ ነው። ሰብሳቢው፣ እግዜር ይስጥህ። የተበየደውን አያቴ በሠርጓ ቀን አስራው ነበር አሉ፤ እሱን አላስነቅለውም። ለነገሩ ያቺን ማርትሬዛ ሳያት ትከሻዋ ላይ ያለው ፈርጥ ዘጠኝ ዕንቁ አለው። እናቴ ትቆጥረው ነበር።

የፒያሳ ልጅ
ጋሼም ይቆጥሩታል!

ቀልደኛው (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
የሳጥን ልጅ፣ ምን ወሰንሽ?

ጎንደሬው
ኤንጂሲ ነው የላከችው፣ እኔ አውቃለሁ።

ኪዳኔ
ዛሬ በዚያ ሱቅ በኩል አለፍኩ። መስኮቱ ላይ «ብር እናጸዳለን» የሚል ለጥፏል።