በተከራየነው ግቢና ሳሎን ያሉትን ተክሎች በእርግጠኝነት ለመለየት እገዛ እፈልጋለሁ

አዲስ ተከራይ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ቤተሰቤን ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት ተከራይቼ ገብቻለሁ። ከእኛ በፊት የኖሩት ሰዎች አትክልት ወዳድ ስለነበሩ ግቢውም ሳሎኑም በተክል የተሞላ ነው፤ ስማቸውን የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ልጅ አለኝ፤ ለበዓል የገዛነው በግም ከአጥሩ ሥር ታስሯል።

በአጥሩ ዳር የተደረደረው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም፣ አበባው እንደ ጡሩምባ አፉ የሰፋ ቢጫ ሲሆን፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈስሳል። ጎረቤቴ «ኦሊያንደር ነው» ብለውኛል፤ የስልኬ መተግበሪያ ግን በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የተለያየ ስም ይሰጠኛል። ከበሩ አጠገብ ያለው ሌላው ቁጥቋጦ ከኅዳር ጀምሮ የጫፍ ቅጠሎቹ ደማቅ ቀይ ሆነዋል፤ የሚገርመኝ በበሩ መብራት በኩል ያሉት ቅርንጫፎቹ አረንጓዴ እንደሆኑ መቅረታቸው ነው። ከጓሮ ደግሞ ትልልቅ ነጭ አበቦቹ ቁልቁል የተንጠለጠሉና ማታ ማታ ሽታቸው ግቢውን የሚያውድ ተክል አለ። ሳሎን ውስጥ ከቡፌው ላይ የሚወርድ፣ የልብ ቅርጽ ባለው ቅጠሉ ላይ ቢጫ የተረጨበት ሐረግ አለ፤ ከጎኑም ወፍራም ግንድና ነጭ ዝንጉርጉር ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል በማሰሮ ተተክሏል። የትኞቹን ማራቅ ይኖርብኛል?

የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ፦
ውድ ጠያቂ፣ በመጀመሪያ ስለ አጥሩ ልናገር፤ ከጠቀሷቸው ሁሉ የሚያሰጋኝ እሱ ነውና። በእኛ አገር «ኦሊያንደር» በሚል ስም የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ተክሎች ናቸው፤ ሁለቱ በቅርብ የሚዛመዱ ቢሆኑም በአበባ ቀለም ብቻ መለየቱ አያዋጣም፤ ይልቁንም ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ላይ እንዴት እንደበቀለ ይመልከቱ። ከአንድ አንጓ ሦስት ሦስት ቅጠል እየወጣ ዙሪያውን ከከበበ፣ ቅጠሉም ደረቅ ያለና ከመሐል መስመሩ ወደ ጠርዙ የሚሄዱ ጥቅጥቅ ያሉ ስስ መስመሮች ያሉት ከሆነ ዋናው ኦሊያንደር ነው፤ አበባውም ብዙውን ጊዜ ሮዝ፣ ነጭ ወይም ቀይ ነው። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ከወጡ፣ የሚያብረቀርቁ ከሆኑና ከመሐሉ መስመር በቀር ሌላ ጎልቶ የማይታይባቸው ከሆነ ግን ቴቬቲያ ነው፤ ከሐሩራማው አሜሪካ የመጣ ተክል ሲሆን ብዙ ነጭ ወተት አለው። እርስዎ የገለጹት ይህንኑ ይመስላል። ለማረጋገጥ ፍሬ ይፈልጉ፤ የቴቬቲያ ፍሬ አረንጓዴና ድቡልቡል ሆኖ ጎንና ጎኑ ማዕዘን ያወጣል፣ ሲበስል ይጠቁራል፣ በውስጡም ጠንካራ ዘር አለ፤ የኦሊያንደር ፍሬ ደግሞ ቀጭንና ረጅም ቆባ ነው።

ሁለቱም የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ ስለያዙ ለልጅዎ ሲባል ልዩነቱ ብዙ አይጠቅምም። በጉን ግን ዛሬውኑ ከዚያ አጥር ሥር ያንሱት። ቅጠሉ ቢደርቅም መርዙ አይጠፋምና የተከረከመው ሁሉ ከብት ከማይደርስበት ይወገድ።

ከበሩ አጠገብ ያለው ፖይንሴቲያ ነው፤ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ቀይ ሆኖ የሚታየው ቅጠል ሲሆን እውነተኞቹ አበቦች በመካከል ያሉት ጥቃቅን ቢጫ ነገሮች ናቸው። ተክሉ የሚቀላው ያልተቋረጠ ረጅም ጨለማ ሲያገኝ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት ያንን ጨለማ ስለሚነሳው በመብራቱ በኩል ያለው ጎን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ወተቱ ቆዳንና ዓይንን ሊያስቆጣ፣ ከተበላም ሆድን ሊያውክ ይችላል፤ ሰዎች እንደሚያወሩት ግን ገዳይ አይደለም።

ዕፅዋት አጥኚ፦
በባለሙያው መልስ እስማማለሁ፤ ስለ ቀሩት ሦስቱ ልጨምር። የጓሮው ብሩግማንሲያ ነው። በየመንገዱ ዳር ከሚበቅለው ከአስተናግር ጋር ቅርብ ዝምድና አለው፤ የአስተናግር አበባ ግን ሽቅብ ይቆማል፣ ፍሬውም እሾሃማ ነው፤ የብሩግማንሲያ አበባ ይንጠለጠላል፣ ፍሬው ለስላሳ ነው፣ ግንዱም እንጨት ይሆናል። መርዛቸው ግን አንድ ዓይነት ነው፦ አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ያስቃዣል። ቅጠሉን በነካ እጅ ዓይንን ማሸት ብቻ ብሌንን ሊያሰፋ ይችላልና ከከረከሙ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

የሳሎኑ ሐረግ ፖቶስ ወይም ፊሎደንድረን ነው፤ የሚለየውም አዲስ ቅጠል ሲወጣ ነው። በፊሎደንድረን አዲሱ ቅጠል በስስ ሰገባ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ቅጠሉ ሲከፈት ሰገባው ደርቆ ይወድቃል። ፖቶስ እንዲህ ያለ ሰገባ የለውም፤ አዲሱ ቅጠል ከፊተኛው ቅጠል ዘንግ ጥግ ተጠቅልሎ ብቅ ይላል፣ ዘንጉም ፊት ለፊቱ እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለ ነው። ማሰሮው ውስጥ ያለው ዲፈንባኪያ ነው።

ፖቶስ፣ ፊሎደንድረንና ዲፈንባኪያ ሦስቱም የጎደሬ ቤተሰብ ናቸው። ጎደሬ በደንብ ሳይበስል ሲበላ ጉሮሮን የሚያሳክከው በውስጡ ባሉ መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ነው፤ በእነዚህም ያው ነው፤ በዲፈንባኪያ ላይ ግን ይከፋል፣ ያኘከው ሰው ምላሱና ከንፈሩ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ዲፈንባኪያውን ልጁ ከማይገባበት ክፍል ያስቀምጡ፤ ሐረጉን ደግሞ ከፍ አድርጎ መስቀል ብቻ ሳይሆን ወደ ታች የወረደውን ማሳጠር ይገባል።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
አንድ ነገር አደራ ልበል። ልጁ አንዱን ቀምሶ ከተገኘ አፉን በውኃ ያጥቡት፣ ለማስመለስ አይሞክሩ፣ ቢሻለው እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይውሰዱት፤ የተክሉንም ቅርንጫፍ ከነቅጠሉና ከነአበባው በፌስታል ይዘው ይምጡ። ወላጆች «አንድ ቅጠል በላ» ብለው ሲመጡ የምንቸገረው የትኛውን ቅጠል እንደሆነ ማወቅ ላይ ነው።

አዲስ ተከራይ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አጥሩን በጥንቃቄ አየሁት፤ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ የተፈራረቁ ናቸው፣ ከሥሩም የጠቆሩ ፍሬዎች ለቅሜ አስወግጃለሁ፤ በጉም ተነሥቷል። ሐረጉ ሰገባ የለውም። በአከራዬ ፈቃድ አጥሩን ባስነሣው ምን ልተካበት? ደግሞም ሌሎች የማላውቃቸው ተክሎች ቢኖሩ ወደ ማን ልውሰዳቸው?

የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ፦
ኮሽም ያስተክሉ፤ እሾሁ ሌባ ይከለክላል፣ ፍሬውም ይበላል። ቅንጭብ እንዳያስገቡ እለምንዎታለሁ፤ ብዙዎች በቶሎ ስለሚያድግ ይወዱታል፣ ወተቱ ግን ዓይን ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ቴቬቲያውን የሚቆርጠው ሰው ጓንት ያድርግ፤ ጢሱም ጎጂ ስለሆነ እንጨቱ ለማገዶ እንዳይሆን አስቀድመው ይንገሩት።

ዕፅዋት አጥኚ፦
ለማይታወቀው ተክል አበባና ቢቻል ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ዘርግተው፣ ከባድ ነገር ጭነውበት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ እየቀየሩ ያድርቁት። አበባው ሲደርቅ ቀለሙን ስለሚያጣ ቀለሙን፣ ሽታውንና ወተት እንዳለው ወይም እንደሌለው በወረቀት ይጻፉበት። አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ከደረቁ ናሙናዎች ጋር የሚያመሳክሩ ባለሙያዎች አሉት። ቅጠል ብቻ ይዘው ከሄዱ ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ «አበባውን አምጡ» ነው።