ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በስክለራል ሌንስ፤ ይውለቅ ወይስ ይቆይ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በረራው በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ነው። በሁለቱም ዓይን ኬራቶኮነስ (የዓይን ፊት ጥርት ያለ ሽፋን የሆነው ብሌን ሳስቶ ሾጣጣ የሚሆንበት ሕመም) አለ፤ በመነጽር ብዙም ስለማይታይ ስክለራል ሌንስ (ነጩ የዓይን ክፍል ላይ የሚያርፍ፣ ሥሩ ሳላይን የተባለ ንጹሕ የጨው ውሃ የሚይዝ ሰፊ ጠንካራ ሌንስ) የግድ ነው። ሌንሱ ዓይን ላይ ይቆይ? ከወለቀስ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዴት ይመለሳል? ሳላይኑስ ፍተሻ ያልፋል?

የሌንስ ባለሙያ፦
ድርቀቱን እንጂ ከፍታውን አይፍሩ። የካቢን ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው፤ አዲስ አበባም እዚያው ገደማ ናት። እርጥበቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ሌንሱ ሥር ሳላይን ስላለ ብሌኑ ራሱ አይደርቅም፤ የሚደርቀው የሌንሱ ፊት ነው፣ ያኔ እይታው ይደበዝዛል። ማቆያ ኬሚካል የሌለው ሰው ሠራሽ እንባ በየሰዓቱ አንድ ጠብታ ያድርጉ፤ ከራስ በላይ ያለችውን የአየር መንፊያም ይዝጉ።

እንቅልፍ ሲመጣ ግን ይውለቅ። በተከደነ ዓይን ላይ ሌንስ ሲጨመር ኦክስጅን ያንሳል፣ ብሌኑ ያብጣል፣ ለኢንፌክሽንም ይጋለጣል። ከተጣበቀ ጠብታ ጨምረው ጥቂት ይጠብቁ፤ ከዚያ በታችኛው የዓይን ቆብ በኩል ጠርዙ አጠገብ ቀስ ብለው ይጫኑ፤ አየር ሲገባ ይለቃል። ማውለቂያዋን ጎማ (ሌንሱን ስባ የምታወጣውን) በሳላይን አርጥበው ጠርዙ ላይ እንጂ መሀሉ ላይ አያሳርፉ፤ መሀሉ ሲሳብ ይብሱን ይጣበቃል።

መልሶ ለማድረግ አውሮፕላኑ የማይናወጥበትን ጊዜ ይምረጡ። እጅ በሳሙና ታጥቦ በሶፍት በደንብ ይድረቅ። ሌንሱን እስከ አፉ በሳላይን ሞልተው፣ ፊትዎን ወደ ወለል ደፍተው ያስገቡ። አረፋ ከገባ ጠብታ አያስተካክለውም፤ አውልቆ እንደገና መሙላት ነው። የቧንቧም ሆነ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ሌንሱን እንዳይነካ! አካንታሚባ የሚባለው ጥገኛ የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው፤ ብሌን ላይ ከያዘ ሕክምናው ወራት ይፈጃል።

ፋርማሲስት፦
ሳላይኑን ባለ 5 ሚሊ ሊትር፣ አንዴ ተከፍቶ የሚጣለውን ይያዙ። 10 ፍሬ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ ባለ 1 ሊትሩ የፍተሻ ላስቲክ ውስጥ ይገባል። ሁሉም በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ካርጎ የገባ ሻንጣ ቢዘገይ ዓይን አብሮ ይቸገራል። ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ መድኃኒት ካለ ሳይጠየቁ ለፈታሹ ይንገሩ፤ የሐኪም ወረቀትም አይለይዎት።

በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚያጸዱ ከሆነ ይጠንቀቁ። ወደ ሌላ ትንሽ ጠርሙስ አይገልብጡት፤ ከሳላይን ጋር ከተምታታ ዓይን ያቃጥላል። ሌንሱ የማጽጃውን የማቃጠል ኃይል በሚያጠፋው ልዩ መያዣ ውስጥ ቢያንስ 6 ሰዓት መቆየት አለበት። ስለዚህ ከእራት በኋላ ወዲያው ካልወለቀ ከማረፍ በፊት አይደርስም። መያዣው ጋዝ የሚያስወጣበት ቀዳዳ ስላለው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ከተጋደመ ይፈሳል።

ሌላ ጠያቂ፦
ብሌን የተቀየረለት ሰውስ መቼ መብረር ይችላል?

የዓይን ሐኪም፦
ወሳኙ ዓይን ውስጥ አየር ወይም ጋዝ መኖሩ ነው። የብሌኑ ውስጠኛ ሽፋን ብቻ ሲቀየር አዲሱን ሽፋን ደግፎ የሚይዝ አረፋ ይተዋል። ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ሲወጣ አረፋው በሲሶ ያህል ይሰፋል፤ የዓይን ግፊት በኃይል ይጨምራል። አየር በጥቂት ቀናት ይጠፋል፤ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባለው ጋዝ ግን ይዘገያል። አረፋው ፈጽሞ መጥፋቱን ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ ሳያረጋግጥ አይብረሩ። በመኪና መውጣትም ነጻ አያደርግም፤ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው።

የስቴሮይድ ጠብታውን (ሰውነት ንቅለ ተከላውን እንዳይቃወም የሚታዘዘውን) አያቋርጡ። በየ6 ሰዓቱ ከታዘዘ ስልክዎ ላይ ደወል ሞልተው ሰዓቱን ከመጨረሻው ጠብታ ይቁጠሩ፤ የዋሽንግተንና የአዲስ አበባ የ7 ወይም 8 ሰዓት ልዩነት ላይ የሐበሻና የፈረንጅ አቆጣጠር ሲጨመር ብዙ ሰው አንድ ዙር ይዘላል። መቅላት፣ ብርሃን መፍራት፣ የእይታ መቀነስ ወይም ሕመም ከመጣ ድርቀት ነው ብለው አይተዉት። ንቅለ ተከላውን ሰውነት ሲቃወም ምልክቱ ይኸው ስለሆነ ካረፉ በዚያው ቀን ይታዩ።