የባርን ኪቴ ግድግዳ ተጣመመብኝ፣ ማስረጀቱንስ ከየት ልጀምር?

ሐዲድ_87፦
ሰላም ወገኖች። እኔና የ11 ዓመት ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ ቤታችን ቤዝመንት ላይ ትንሽ የሞዴል ባቡር መስመር እየሠራን ነው። ልኬቱ ኤችኦ ነው፣ ማለትም 1 ለ87። ባለፈው ሰመር ፔንስልቬንያ ሄደን የስትራስበርግን የእንፋሎት ባቡር ተሳፈርን። እ.ኤ.አ. በ1832 ፈቃድ ያገኘ፣ እስካሁን የሚሠራ መስመር ነው። ልጄን ግን ከሎኮሞቲቩ በላይ የማረኩት በመስኮት ያያቸው ባርኖች ናቸው፤ ከላይ ድርቆሽ፣ ከታች ከብት የሚገባባቸው ትልልቅ ቀያይ የእርሻ ቤቶች። እሱን የሚመስል በሌዘር የተቆረጠ የእንጨት ኪት፣ ማለትም ቁርጥራጮቹን ራስህ የምትገጣጥመው ሞዴል፣ ገዛንለት።

ችግሩ ይኸው። ትልቁን ግድግዳ በውሃ በሚቀጥን ቀይ ቀለም በአንድ ጎኑ ብቻ ቀብቼው አደረ። ጠዋት ስናየው እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙ ተነስቷል። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለቱን ትናንሽ ግድግዳዎች ደግሞ መጀመሪያ በኮላ አያያዝኳቸውና ከዚያ ግራጫ ቀለም ሳስነካቸው፣ ኮላ የፈሰሰበት ቦታ አልጠጣም አለ። ጥጉ ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ ቀረ። ልጁ ምንም አላለኝም፣ ግን ፊቱን አይቻለሁ።

ይድናል ወይስ ሌላ ልግዛ? ከዳነ በ1950ዎቹ የነበረ፣ ብዙ ዝናብ ያየ ባርን እንዲመስል እፈልጋለሁ። ጣራው ቆርቆሮ ነው።

ጣውላና_ኮላ፦
ወንድሜ ሌላ አትግዛ፣ ይድናል። አንዱ ጎን ቀለም ጠጥቶ ሌላው ደረቅ ሲቀር ሁለቱ ጎኖች እኩል አይሳሳቡም፣ ለዚህ ነው የሚጎብጠው። ጀርባውን በዚያው ቀለም፣ በዚያው መጠን ቀባው። እጅ መያዙን ሲተው በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሃል አድርገህ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኛው፣ ከላይ ከባድ ከባድ መጽሐፍ ደርድርበት። አንድ ሙሉ ቀን አትንካው። ልጁም እንዳይነካው!

ሲቃና ግን አልጨረስክም። ጀርባው ላይ ሞራሌ ለጥፍበት። 3 ሚሊ ሜትር በ3 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ እንጨት በቂ ነው። አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች፣ መሃል ላይ ደግሞ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ቋሚ፣ መስኮቱን ሳይሸፍን። የጭቃ ቤት ያለ ማገር እንደማይቆም አስበው። ኪቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ሞራሌ አይሰጡም፣ እኔ ሁልጊዜ ለብቻው እገዛለሁ።

ኮላ የነካውን ቦታ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርግና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ከዚያ እንደገና ቀለሙን ሞክር። እምቢ ካለህ ጥጉ ላይ አንድ ስስ ቋሚ ጣውላ ለጥፍበት። የእውነቱ ባርንም ጥጉ ላይ እንዲህ ያለ ጣውላ አለው፣ ማንም ጥገና ነው አይልህም። ለወደፊቱ ግን መጀመሪያ ቀለም፣ ቀጥሎ ኮላ። ኮላውን ደግሞ ከጠርሙሱ በቀጥታ አታፍስስ፣ በስቴኪኒ ጫፍ እየነካህ።

ለግራጫው እኔ የምጠቀመው ግማሽ ሊትር የፋርማሲ አልኮል ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር የሥዕል ቀለም ጠብ አድርጌ ነው። አልኮሉ ቶሎ ስለሚተን እንጨቱን እንደ ውሃ አያሳብጠውም። ቢሆንም ሁለቱንም ጎን ቀባ። መስኮት ከፍተህ፣ ከእሳት ርቀህ ሥራ።

የድሬ_ልጅ፦
ስለ ጣራው እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም ልጅነቴን ሙሉ ድሬዳዋ ቆርቆሮ ጣራ ስር ነው ያደግኩት። ብዙ ሞዴል ሠሪዎች ጣራውን በሙሉ ብርቱካናማ ያደርጉታል። ቆርቆሮ እንደዚያ አይዝግም። ዚንኩ ይጠብቀዋል። ዝገት የሚጀምረው ዚንኩ በተጎዳበት ነው፦ ምስማር በተመታበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ በተቆረጠ ጠርዝ፣ ሁለት ቆርቆሮ ተደራርቦ ውሃ በሚያቁርበት መስመር ላይ። ከዚያ ዝናብ ይዞት ቁልቁል ይወርዳል። ወደ ጎን የሚሄድ ዝገት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ ብሩሽ ከማንሳትህ በፊት ጣትህን ጣራው ላይ አድርገህ ውሃው የት እንደሚሄድ ተከተል። ልጅህም ያድርገው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣራውን አንድ ወጥ አትተወው። የ3 ሜትር ቆርቆሮ በዚህ ልኬት 3.4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ በዚያ ልክ ቁረጥና ከታች ጀምረህ እያደራረብክ ለጥፍ። አንድ ሁለቱን በጥቂቱ አጣመህ ለጥፋቸው። መጀመሪያ ፈዛዛ ግራጫ ቀባ። ከዚያ ቡኒና ብርቱካናማ የፓስቴል ጠመኔ በምላጭ ፍቀህ ዱቄት አድርገው። በቀጭን ብሩሽ የምስማሩን ቦታ አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርግ፣ መሃሉ ጥቁር ቡኒ፣ ዙሪያው ብቻ ብርቱካናማ። በመጨረሻ በደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳብ። አንድ ቆርቆሮ ደግሞ አዲስና የሚያብረቀርቅ ይሁን፣ ባለቤቱ ባለፈው ዓመት የቀየረው።

ሐዲድ_87፦
ኑሩልኝ። የግድግዳው ጀርባ ተቀብቶ መስታወት ላይ ተኝቷል፣ የልጄ መዝገበ ቃላትና ሁለት የድስት ክዳን ላዩ ላይ ነው። ቀዩን ቀለምስ? ፊት ለፊቱ ድፍን ቀይ ነው፣ ገና ከሱቅ የወጣ አሻንጉሊት ይመስላል። አንድ ሰው ማት ስፕሬይ (አንጸባራቂነቱን የሚያጠፋ የሚነፋ ሽፋን) ነፍተህበት ከዚያ የአልኮሉን ቀለም ከላይ አፍስስ አለኝ።

ገነት_ሽቱትጋርት፦
ቆይ ቆይ፣ አትንፋ! እኔ ይህንኑ አድርጌ አልቅሻለሁ። ማት ስፕሬዩ ላይ አልኮል ሲያርፍ ግድግዳው በሙሉ ጉም የለበሰ ይመስል ነጣ። ሦስት ሳምንት የሠራሁት ጣቢያ ነበር። በኋላ ያንኑ ስፕሬይ በስሱ ደግሜ ስነፋበት ጉሙ ጠፋ፣ ስለዚህ ቢያጋጥምህ አትደንግጥ። ቅደም ተከተሉ ግን መጀመሪያ የአልኮሉ ቀለም፣ ስፕሬዩ መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን ስለ ቀዩ። የድሮ አሜሪካ ገበሬዎች ባርን የሚቀቡት የብረት ዝገት ዱቄት ከተልባ ዘይት ጋር እየቀላቀሉ ነበር፣ ርካሽ ስለሆነ። ስለዚህ ቀለሙ ከመጀመሪያውም የከንፈር ቀለም ዓይነት ቀይ አይደለም፣ ወደ ሸክላ የሚያደላ ነው። ፀሐይ ሲመታው ይፈዛል፣ ዱቄት ዱቄት ይላል። የተላጠ ጣውላ ደግሞ እየቆየ ብርማ ግራጫ ይሆናል።

የቀባኸውን ግድግዳ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ከላይ ወደ ታች፣ ጣውላው በተሰመረበት አቅጣጫ ብቻ፣ በቀስታ አሸው። ታች ላይ በርታ በል፣ ምክንያቱም ከመሬት የሚረጨው ዝናብና ጭቃ መጀመሪያ የሚልጠው እዚያ ነው። እንጨቱ ብቅ ሲል የአልኮሉን ግራጫ አንድ ጊዜ ብቻ አስነካው። ላልተቀቡት ግድግዳዎች ደግሞ የተሻለ መንገድ አለ፦ መጀመሪያ በሙሉ ግራጫ፣ ሲደርቅ ቀዩን በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ ስኮች ለጥፈህ ንቀለው። ቀለሙ ራሱ የፈለገበት ቦታ ይላጣል፣ በብሩሽ እንደዚያ መሥራት አትችልም።

ከጣውላና_ኮላ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። አንድ ማንኪያ ጥቁር ለዚህ ልኬት ይበዛል፣ እኔ ግማሽ ነው የምለው። ትንሽ ነገር ቤት ውስጥ መብራት ስር ከእውነቱ ይልቅ ይጠቁራል። ቀዩም ላይ ትንሽ ነጭ ቀላቅልበት።

እና ያያችኋቸው የፔንስልቬንያ ባርኖች ብዙዎቹ ላይኛው ፎቅ ከታችኛው ግድግዳ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል አይደል? ያ ጎን ብዙ ጊዜ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ ነው የሚዞረው፣ ግቢው ፀሐይ እንዲያገኝ። ከዚያ ከወጣው ፎቅ ስር ዝናብ አይደርስም። እዚያ ቀዩን አትንካው፣ እንዳለ ደማቅ ይሁን። አየህ፣ ያረጀው የሚታየው ካላረጀው አጠገብ ሲሆን ነው።

ጣውላና_ኮላ፦
ገነት ልክ ነሽ፣ ግማሽ ይሁን። ካነሰ መጨመር ይቻላል።

ሐዲድ_87፦
መጽሐፎቹን ዛሬ ማታ አነሳን። ግድግዳው ቀጥ ብሏል! አንዱ ጥግ ብቻ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ሞራሌው ይይዘዋል ብዬ አስባለሁ። የወጣው ፎቅ እኛም ኪት ላይ አለ፣ እስካሁን ለምን እንደሆነ አላወቅንም ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የጎረቤት ሼድ ጣራ በስልኬ አንስቶ መጣ። 14 የምስማር ቀዳዳ ቆጥሯል፣ የዛጉት 9 ናቸው። ቅዳሜ እነዚያኑ 9 ጣራችን ላይ እናደርጋቸዋለን።