«ሰው ሁሉ አንድ ነው» ላይ የቆመን ቡድን እንዴት እናንቀሳቅሰው?

ጤና ይስጥልን። የተለያየ ባህል ያላቸውን ሰዎች የሚያቀራርብ ሥልጠና ላይ አንድ ቦታ ተጣብቀናልና ልምዱ ያላችሁ እርዱን።

ቡድኑ 12 ሰው ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት የተለያዩ ቡድኖች ሲገናኙ ጥላቻቸው እንዲቀንስ ያግዛሉ ብሎ በ1954 እ.ኤ.አ. የዘረዘራቸው አራቱ ሁኔታዎች፣ ማለትም እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ ትብብርና የኃላፊዎች ድጋፍ፣ ተሟልተዋል። ፍርሃቱ ረግቧል። ነገር ግን የባህል ግንኙነት ተመራማሪው ሚልተን ቤኔት ሰው ለባህል ልዩነት ያለው አመለካከት ያድግባቸዋል ብሎ ከለያቸው ስድስት ደረጃዎች ሦስተኛው፣ ልዩነትን ማሳነስ ላይ ሲደርሱ ንቅንቅ የሚል የለም። «ሰው ሁሉ አንድ አይደል?» ይላሉ። አባባሉ ጨዋ ስለሆነ ለማረም ከግልጽ ጥላቻ ይብሳል።

መልመጃችን ሦስት ዓምድ አለው፦ ያየሁት፣ የገመትኩት ትርጉም፣ የሰጠሁት ፍርድ። ከሌላ ባህል የመጣው እንግዳ ተጠይቆ አምስት ሰከንድ ያህል ዝም ቢል፣ መጀመሪያው ዓምድ ላይ «ዝም አለ» መባል ሲገባው «ናቀን» ተብሎ ይጻፋል። ይህ በሁለት ዙር ይቃናል። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ቢያንስ ሦስት አማራጭ ትርጉም ጻፉ ስንል ግን ሁሉም ከራሳቸው ባህል የተቀዱ ናቸው፦ አፍሮ ነው፣ ተናዶ ነው፣ አልገባውም። ዝምታው ጥያቄውን ማክበሪያ ሊሆን እንደሚችል ማንም አይጽፍም። እኛ ስንነግራቸው ደግሞ «እነሱ እንዲህ ናቸው» የሚል አዲስ የጅምላ ፍርድ ይወለዳል፤ ከሁሉም የሚያስጨንቀን ይሄ ነው።

ትርጉሙን ሳንነግራቸው ራሳቸው እንዲደርሱበት እንግዳውን ምን ብለው ቢጠይቁት ይሻላል? የራሳቸውን ባህልስ በሦስቱ ዓምዶች የሚመረምሩት ከእንግዳው በፊት ይሁን ወይስ በኋላ?