የወኪሉ ሰርቪስ ዕቃ ይቀያይራል፣ ችግሩ ግን አልጠፋም፤ የሚታመን ሰርቪስ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ 1.8 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር ቤንዚን ናት። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች። ቼክ ኢንጅን በርቷል፣ ኮዱ ፒ 0302 ነው። የወኪሉ ሰርቪስ መጀመሪያ የ2ኛውን ሲሊንደር ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን)፣ ቀጥሎ አራቱንም ካንዴላ ቀየረ። ኮዱ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ደግሞ ኢንጄክተር (ቤንዚን የሚረጨው) ይቀየር እያሉ ነው። የፊት ፍሬን ሸራም ቀይረው ከ80 በላይ እየነዳሁ ፍሬን ስይዝ መሪው ይርገፈገፋል፤ "ዲስኩ ተጣሟል" አሉ። ድጋሚ ከመክፈሌ በፊት ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ኢንጄክተሩን ገና እንዳትፈቅድ። ፒ 0302 የሚናገረው 2ኛው ሲሊንደር ሚስ እንደሚያደርግ፣ ማለትም በደንብ እንደማይቀጣጠል ብቻ ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ያንን የሚነግርህ ሙከራ ነው። የ2ኛውንና የ4ኛውን ኮይል ያቀያይሩ፣ ኮዱን ያጥፉና ይንዱት። ኮዱ ወደ ፒ 0304 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። እዚያው 0302 ላይ ከቀረ ካንዴላውንም በዚሁ መንገድ ማቀያየር ይቻላል። ይህ ሁሉ አንድም አዲስ ዕቃ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ መደረግ የነበረበትም እሱ ነው።

ኮይሉ ሲወጣ ጫፉ ላይ ያለውን ጎማ በደንብ እይ። በዘይት ርሶ ካበጠ፣ የካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይም እንደ እርሳስ ጭረት ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ፣ እሳቱ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ትቶ በጎን እየዘለለ ነው። እንዲህ ከሆነ አዲስ ኮይልም ብዙ አይቆይም።

ኮይልና ካንዴላ ነጻ ከወጡ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይለካ። ሞተሩ የሞቀ፣ አራቱም ካንዴላ የወጣ፣ ቤንዚኑና እሳቱ የተቋረጠ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች የተረገጠ መሆን አለበት። ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከወረደ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ፦ ከፍ ካለ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፤ ካላለ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን። ኢንጄክተር የሚጠረጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ኮምፒውተሩ ኮዱን ሲይዝ የሞተሩን ዙርና ሙቀት፣ የመኪናውንም ፍጥነት አብሮ ይመዘግባል። ኮዱ ሲጠፋ መዝገቡም ይጠፋል። ከማጥፋታቸው በፊት የማሽኑን ስክሪን ፎቶ አንሳ።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ ወረቀቱ ነው። ብዙ ቦታ መካኒኩ የሚከፈለው በመጽሐፍ በተቀመጠ ሰዓት ነው፦ ዕቃ ለመቀየር ሰዓት ይቆጠርለታል፣ ምክንያት ፍለጋ ላይ ያጠፋው ጊዜ ግን በአብዛኛው አይቆጠርለትም። ዕቃ መቀያየር የሚበዛው ለዚህ ነው። ስለዚህ የምርመራውን ሰዓት ለብቻው ፍቀድና ክፈል፤ ከጥገናው ጋር አታደባልቀው።

ስታስመዘግብ "ኮይል ይታይልኝ" አትበል። እንዲያ ካልክ ኮይል ቀይረው ያዘዝከውን ሠርተናል ይሉሃል። ምልክቱን አስጽፍ፦ ሞተሩ ሲሞቅ ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ፣ በስንት ፍጥነት፣ በስንተኛ ማርሽ። የሥራ ትዕዛዙ ላይ ሦስት ነገር መጻፍ አለበት፦ ቅሬታው፣ የተገኘው ምክንያት፣ የተሠራው ሥራ። የምክንያቱ ቦታ ባዶ ከሆነ ወይም የኮዱ ቁጥር ብቻ ከሰፈረበት ምርመራ አልተደረገም ማለት ነው። ሰርቪሱን የምመዝነው በዚያች መስመር ነው።

የወጣው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስልህም ከሥራው በፊት አስጽፍ። ዲናሞ፣ ሞተሪኖና ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) ግን ታድሰው ስለሚሸጡ አሮጌውን አቅራቢው ሊወስደው ይችላል፤ ቢያንስ አሳዩኝ በላቸው።

ሦስተኛ መልስ፦
ስለ ፍሬኑ። "ተጣሟል" ካሉ በቁጥር ያሳዩ። ዲስኩ በዳዶዎቹ እንደጠበቀ ዳያል ጌጅ (ውዝዋዜ መለኪያ) ተደግፎበት ይዙር፤ ውዝዋዜው ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ ብዙ አምራቾች እንዲያውም 0.05 ነው የሚሉት። ውፍረቱም በማይክሮሜትር ዙሪያውን 8 ቦታ ይለካ፤ የመቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ መሪ ላይ ይሰማል። የሚፈቀደው ትንሹ ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ቶርኖ አያድነውም፣ ይቀየራል።

ግን ከዚያ በፊት ምንም ወጪ የሌለው ነገር አለ። ሸራ ሲቀየር ጎማው ተፈትቷል። ዳዶዎቹ በአየር መፍቻ ብቻ ከታሰሩ እኩል አይጠብቁም፣ ዲስኩንም ይወጥሩታል። ዳዶዎቹን ሁሉ አላልተው በማንዋሉ ልክ በቶርክ ቁልፍ በመስቀልያ ያጥብቋቸው። ዲስኩ ከወጣም ሀቡ (ዲስኩ የሚያርፍበት) ላይ ያለው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ፤ ትንሽ ቅርፊት መሃል ከገባ አዲስ ዲስክም ይወዛወዛል። የወጣውን አሮጌ ሸራ ካገኘህ የውስጡንና የውጩን አወዳድር፤ አንዱ በጣም ካለቀ የካሊፐሩ ፒን ወይም ፒስተን ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮይሉ ሲወጣ ጎማው በዘይት ርሷል። የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ነው?

መልስ፦
አዎ፣ ወይም ካንዴላው የሚገባበት ቱቦ ጎማ፤ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። ካንዴላው ከመፈታቱ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ዘይት በሲሪንጅ ይመጠጥና በጨርቅ ይደረቅ፣ ያለዚያ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ያበጠውን የኮይል ጎማ መልሰህ አታስገባ፤ ጥቁር መስመር ያለበት ካንዴላም አዲስ ቢሆን ይጣል። የክዳኑ ብሎኖች ከመሃል ወደ ዳር በየተራ ይጥበቁ፤ ክዳኑ ፕላስቲክ ከሆነ ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ኮይልና ካንዴላ ሲቀይሩ ይህን ዘይት ማየታቸው ስለማይቀር የፊተኛውን የሥራ ትዕዛዝ ይዘህ ሂድና የምክንያቱ መስመር ላይ ምን እንደጻፉ አብራችሁ አንብቡት።